የጤነኞቹ አይጦች ውሃ

ፕሮፌሰሩን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን አልለውም፤ እዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የአይጥ ጡንቻ ስቆርጥ ጸጉሬ የሸበተ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ እንግዳ አይበዛብንም። የሚመጣውም ቢሆን ትንፋሹ እስኪመለስለት ቆሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፖስተሮች ያያል፤ ፕሮፌሰሩ ደግሞ ሥራውን የሚያደንቅለት ይመስለዋል። እኔን ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ "ምርምር" እላለሁ። ያን ጊዜ ጠያቂው ፊቱን ኮስተር ያደርግና "ጎበዝ" ይለኛል። የምን ምርምር እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም፤ ቢጠይቅም እስክመልስለት ስልኩን ከፍቷል።

የምንመረምረው እርሳስን ነው። ልጆች የሚጽፉበትን ሳይሆን የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባዱን ብረት። ይህ ብረት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጡንቻን እንዴት እንደሚጎዳ ለማየት አይጦቹን በሁለት እንከፍላቸዋለን። ለአንደኛው ወገን እርሳስ የተቀላቀለበት ውሃ እናጠጣለን፤ እነዚህን የተመረዙት እንላቸዋለን። ለሌላው ወገን ዲስትልድ ውሃ እንሰጣለን፤ ማለትም ፈልቶ፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ፣ ከውሃነቱ በቀር ምንም ነገር የሌለበት ውሃ። እነዚህ ጤነኞቹ ናቸው። ከወራት በኋላ የሁለቱም የእግር ጡንቻ ወጥቶ ወደ እኔ ይመጣል። ፎርማሊን ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ሰም ውስጥ እቀብረዋለሁ፣ እስኪያሳይ ድረስ አሳስቼ እቆርጠዋለሁ፣ ቀለም አስነክቼ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባዋለሁ። ጤነኛ ጡንቻ ሲያዩት ደስ ይላል። ክሮቹ እኩል እኩል ናቸው፣ ተጠጋግተው ይተኛሉ። የተመረዘው ግን አንዱ ክር ያበጠ፣ አንዱ የሟሟ፣ መሃሉ ክፍት ክፍት ያለ ነው። ዓይኔ ለምዶታል፤ በአንድ እይታ እለየዋለሁ። በዚህ ችሎታዬ ለረጅም ጊዜ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ፕሮፌሰሩ ጡንቻ በእጁ ነክቶ አያውቅም። "የኛ ላብ" እያለ በየስብሰባው የሚያወራለትን ክፍል ቁልፍ የት እንደምንሰቅለው እንኳ አያውቅም። ከውጭ አገር ሲመለስ ስም የተጻፈባቸው እስክሪብቶዎች ያመጣልናል፤ ግማሾቹ አይጽፉም። አንድ ነገር ሲበላሽ ደግሞ "ደብዳቤ ጻፉ" ይላል። የሱ መዶሻ ደብዳቤ ነው።

ይህን ውሃ የሚያፈላው ማሽን፣ ዲስትለሩ፣ ሲበላሽም ደብዳቤ ጻፍን። እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው የመዳብ ቱቦ ተሰንጥቆ ነው። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ አለ፤ አመጣን። አንዱ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ፤ አሳደስን። ከዚያ የበጀት ዓመቱ አለቀ ተባለ። በመጨረሻ ግዥ ክፍል ውስጥ ያለችው ልጅ ለምን እንደምንፈልገው ጠየቀችኝ። ለአይጦች የሚጠጣ ውሃ ነው አልኳት። ከፍ ዝቅ አድርጋ አየችኝና "እኛ ሰፈር እኮ ለሰውም ውሃ የለም" አለችኝ። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው።

አይጦቹ ግን ፕሮፎርማ እየጠጡ አይቆዩም። ስለዚህ ቱቦውን ፈታሁና በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከቢሯችን ጀርባ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ ራዲያተር ሠሪ ይዤው ሄድኩ። ሠሪው የመኪና ራዲያተር በአፉ እየነፋ ቀዳዳ የሚፈልግ፣ ጥቁር ቱታው ከገላው ጋር የተጣበቀ ጎልማሳ ነው።

"ይሄ የምን መኪና ነው?" አለኝ።

"የመኪና አይደለም። የላብራቶሪ ነው። ለምርምር ነው።"

"ለምርምር?" ቱቦውን እያገላበጠ አየው። "በቃ ችግር የለም። ጠብ አይልም፣ ማለቴ አንቺ ራስሽ ትመሰክሪያለሽ።"

ብርማ የመበየጃ ሽቦውን አምጥቶ በእሳቱ ጫፍ ላይ አስጠጋው። ሽቦው ሟሙቶ እንደ ማር እየተንጠባጠበ ስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ ወዲያው ደርቆ አብረቀረቀ። ጉንጬን በእጄ ይዤ ቆሜ አየሁት፣ እንዴት ያምራል አልኩ። እሱም አድናቆቴ አሞቀውና "ይሄም ይሳሳል፣ ይሄኛውም ወደፊት ያስቸግርሻል" እያለ ያልተሰነጠቀውን መጋጠሚያ ሁሉ ደፈነልኝ። ለምርምር ነው ብዬው ነበርና ገንዘብ አልቀበልም አለኝ።

በማግስቱ ዲስትለሩ ውሃውን ያወርደው ጀመር። ፕሮፌሰሩ በስብሰባ ላይ "በራስ አቅም" ብሎ ስለኔ ሁለት ደቂቃ ተናገረ። እኔም ግዥ ክፍልን፣ ፕሮፎርማውን፣ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹን ሁሉ በንቀት አየኋቸው። አንዲት ሴት ቱቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ሄዳ የሠራችውን፣ እነሱ በማኅተም አቅቷቸው ቀረ። ይህን ለስንቱ ሰው እንዳወራሁት አሁን ሳስበው ያመኛል።

ውሃው ተትረፈረፈ። አይጦቹ ከሚጠጡት በላይ ሆነ፤ የተረፈውን ሲንክ ውስጥ መድፋት ያሳዝነኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው አባቴ ትዝ ያሉኝ።

አባቴ ድሮ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ፤ እሳቸው ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጺማቸውን ተላጭተው፣ ከረቫት አስረው ይወጣሉ። ለገሃር ሄደው ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ሁለታችን ብቻ ነን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በእናቴ ጊዜ በነበረው ቤት የምንኖረው። ኩላሊታቸው ስላስቸገራቸው ሐኪሙ ብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠጡ ብሏቸዋል። የኛ ሰፈር ቧንቧ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው፤ ሲመጣም ቡና መስሎ ነው። የታሸገውን ውሃ አላምነውም ነበር። ማን እንደሚሞላው አላውቅማ። የማምነው እኔ ራሴ ቆሜ ያጣራሁትን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ታክሲ ቀይሬ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁት። በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠኋቸው። አባቴ ብርጭቆውን አልተቀበሉም።

"ሳትቀምሺ?" አሉኝ።

በድሮው ደንብ የሚጠጣ ነገር የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ጠጪው ልቡ እንዲያርፍ። እናቴ ጠላ ስትቀዳ ሳትቀምስ ለባሏ እንኳ ሰጥታ አታውቅም። ለራሷ ባል መርዝ የምታጠጣ ይመስል እያልኩ በልጅነቴ እስቅባት ነበር።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጠላ አይደለም። ከዚህ የጠራ ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ምኑ ይቀመሳል?"

"ደንቡ ነው ብዬ ነው።"

"ደንቡ ለማያውቅ ሰው ነው" አልኳቸው። እየሳቅኩ ነበር። እሳቸውም ፈገግ ብለው ጠጡ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አመጣሁ። እኔ ግን አልጠጣውም፤ ጣዕም የለውም፣ ማኪያቶ ነው የምወደው። አባቴ "የልጄ ውሃ" ብለው ስም አወጡለት። የመጣ ዘመድ ሁሉ ግማሽ ብርጭቆ ይቀዳለታል፤ "ላብራቶሪ ነው የሚሠራው" ይሉታል፤ ዘመዱም በፀሐይ አንስቶ እያየ ይደነቃል። እኔ ጥግ ተቀምጬ እኮራለሁ።

ወራት አለፉና የአይጦቹ ጡንቻ መጣልኝ። የተመረዙት እንደተጠበቀው ነበሩ። ጤነኞቹን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባ ግን ክሮቹ የሟሙ፣ መሃላቸው የተከፈተ ሆኖ አገኘሁት። ስላይድ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ቁጥሩን አየሁ፤ አልተሳሳትኩም። ሌላ ቆረጥኩ፤ ያው ነው። ጤነኞቹ ታመዋል።

ለፕሮፌሰሩ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "የሚሆን አይደለም። ሰው አደባልቋል" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጤነኞቹ መሃል ደህና የሚመስሉ ስላይዶች ካሉ መርጬ እንዳስቀምጥለት ጠየቀኝ። ወረቀቱን የሚልክበት ቀን ቀርቧል። ናቅኩት። ግን "ሰው አደባልቋል" ያለውን ቃል ሳላላምጥ ዋጥኩት፤ ምክንያቱም ያ ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው አውቄያለሁ።

አይጦቹን የምታበላ፣ ቤታቸውን የምትጠርግና ጠርሙሶቻቸውን የምታጥብ፣ ከሆሳዕና የመጣች ሴት ነበረችን። ስትሠራ አይጦቹን ታናግራቸዋለች፤ "አንተ ደግሞ፣ ዛሬም አልበላህም?" ትላቸዋለች። እኔ ይህን እንደ መሃይምነት ነበር የምቆጥረው። ጠራኋትና ጠረጴዛዬ ፊት አቆምኳት። ወንበር አልሰጠኋትም።

"ጠርሙሶቹን አደባልቀሻል" አልኳት።

"አላደባለቅኩም፣ እትዬ። ቀይ ክዳኑ ለተመረዙት፣ ነጭ ክዳኑ ለጤነኞቹ ነው። ጽሑፉንም ማንበብ እችላለሁ።"

"ታዲያ ጤነኞቹ ለምን ታመሙ?"

"እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።" ትንሽ አሰበች። "ግን ያ ማሽን ከተሠራ ወዲህ፣ በነጭ ክዳኑ ጠርሙስ ውስጥ ከታች ነጭ ነገር ይቀራል። ዱቄት ነገር። በብሩሽ ፍቄ ነው የማወጣው። ልነግርዎት ብዬ ሥራ ላይ ስለሆኑ ተውኩት።"

እዚህ ላይ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ። ተማሪ የሚያስተምር ሰው ፈገግታ ነበር።

"ስሚኝ። ዲስትልድ ውሃ ከታች ምንም ነገር አይተውም። ምንም። ዲስትልድ ያሰኘው እሱ ነው፣ በቃ። ከታች ነገር ካየሽ ጠርሙሱን በደንብ አላጠብሽውም ማለት ነው።"

"እሺ፣ እትዬ" አለች።

ትክክል ነበርኩ እኮ። የተናገርኩት እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነበር። ዲስትልድ ውሃ ከታች ምንም አይተውም። ስለዚህ ከታች ነገር ከተገኘ፣ ያ ውሃ ሌላ ነገር ይዟል ማለት ነው። ይህን አንድ እርምጃ ለመራመድ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ሴትዮዋን ማመን ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ ግን ኮምፒውተር ከፍቼ አራት መስመር ማስታወሻ ጻፍኩ፤ "በቸልተኝነት" የምትል ቃል አለችበት። ፕሮፌሰሩ ሳያነብ ፈረመ። ኮንትራቷ ሲያልቅ አልታደሰም። በመጨረሻው ቀን እንደ ወትሮው አይጦቹን አብልታ፣ ጋዋኗን አጣጥፋ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

በነዚያው ሳምንታት አባቴ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ምስር ይቀንሱ አልኳቸው። ከዚያ አንድ ቀን ከለገሃር ተቆጥተው መጡ።

"ቆርኪ ሰረቅህ አሉኝ" አሉ። "በዚህ ዕድሜዬ።"

"ማን ነው ያለዎት?"

"ሁሉም። ቆርኪውን አንስቼ ማስቀመጥ ሲያቅተኝ ገፋ አደረግኩት፤ ሁለት አብሮ ሄደ። እጄ አላነሳም አለኝ እኮ።"

"እርጅና ነው፣ አባባ። ውሃ ይጠጡ እንጂ።"

ውሃ ይጠጡ አልኳቸው። ይህን ማስቀረት ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን ብያለሁ። ብቻ ማለት አይደለም፣ በቀን አንድ ጠርሙስ የነበረውን ሁለት አደረግኩት።

ከረቫታቸው ይጣመም ጀመር። ከዚያ ጨርሰው ተዉት። ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ሲወጡ ሳይ ሰው ምን ይለናል ብዬ ተበሳጨሁ፤ አባቴ ራሳቸውን እየጣሉ መሰለኝ። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆ ወደቀባቸው፤ ስብርባሪውን እየለቀምኩ "ምናለ ቢጠነቀቁ?" አልኳቸው። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ጭናቸው ላይ ያርፍ ነበር። በዚያው ቀን፣ እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ፣ በመዝገቤ ላይ ስለ አንዲት የተመረዘች አይጥ "የፊት እግሯ ከመጋጠሚያው ተንጠልጥሏል" ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ሁለቱን እጆች አንድ ቀን አየኋቸው፤ አንደኛው ሳይንስ መሰለኝ፣ ሌላኛው ዝርክርክነት።

ወረቀቱን የሚልክበት ቀን ሲያልፍበት፣ ፕሮፌሰሩ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገም አለ። እኔም ማስታወሻዬ እውነት መሆኑን ለማሳየት የጤነኞቹን ጠርሙሶች በራሴ እጅ ለማጠብ ቆርጬ ተነሳሁ። አዲስ አይጦች፣ አዲስ ጠርሙሶች፣ ነጭ ክዳኖች። ለወራት ማንም እንዲነካቸው አልፈቀድኩም። አንድ ጠዋት ከጤነኞቹ አንዷ ጎጆዋ ጥግ ላይ የፊት እግሯን እየጎተተች አገኘኋት። ጠርሙሷን አወጣሁና ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ከታች ቀለበት የመሰለ ነጭ ነገር አለ።

ሳሙና ነው አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ሳሙና ነው። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ነው እያልኩ ዋልኩ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ በአባቴ ክፍል መስኮት ገብታ ነበር። የውሃ ጠርሙሳቸው መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ቀርቶታል። ከዚያ በታች፣ ፕላስቲኩ ላይ፣ ያው ነጭ ቀለበት አለ። ይህን ጠርሙስ ሳሙና ነክቶት አያውቅም።

አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የተንጠለጠለው እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር በአንድ ላይ መጣብኝ፤ ብርማው ሽቦ፣ ሲሟሟ ያየሁበት ውበት፣ ራዲያተር ሠሪው ለደግነት ብሎ የደፈናቸው መጋጠሚያዎች ሁሉ። ሽቦው እርሳስ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እርሳስ ሳጠና ኖሬ፣ እርሳስ ፊቴ ሲቀልጥ ቆሜ አድንቄ፣ በላዩ ላይ እንፋሎት አሳልፌ፣ ጠብታውን ሰብስቤ፣ ታክሲ ውስጥ አቅፌ ለአባቴ አመጣሁ። ግራ ሲገባኝም ጨመርኩላቸው።

"ምን ሆንሽ?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩ። ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ውሃውን ብረት የሚለካ መሣሪያ ያለበት ሌላ ተቋም ይዤ ሄድኩ። ምልክት ሳልለጥፍበት ለባለሙያው ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

"ይሄ የተመረዙት የሚጠጡት ነው አይደል?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት። "ሰው የሚጠጣው ነው።"



ለፕሮፌሰሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ስለ አባቴ ሲሰማ "በጣም አዝናለሁ" አለኝ፣ ፊቱንም እንደሚገባው አደረገ። ቀጥሎ ግን ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፣ ወረቀቱ ላይ በአንዲት አረፍተ ነገር "የውሃ ጥራት ችግር" ብለን እንደምናልፈው ነገረኝ። ልወጣ ስል "ስላይዶቹ ግን አሉ አይደል?" አለኝ። አሉ አልኩት። ስንት ዓመት አንቱ ያልኩት ሰው ይኼ ነው።

ወደ ራዲያተር ሠሪውም ሄጃለሁ። ልጮህበት ነበር። ሱቁ ግን የለም፤ ያ መስመር ሁሉ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከአጥሩ ጀርባ ኤክስካቫተር ይሠራል። ቆሜ አሰብኩ። ባገኘውስ ምን ልለው ነበር? ራዲያተር ነው የሚሠራው፤ ያመጣሁለትን እንደ ራዲያተር ደፈነው። ውሃውም እንዳለኝ ጠብ አላለም። ከሁለታችን መሃል ሽቦው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ደመወዝ የሚከፈለው እሱ አልነበረም።

ሴትዮዋን ፈልጌ ያገኘኋት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ደረጃ ስታጥብ። ባልዲዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ ነጩን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ስለ አባቴም ነገርኳት፤ ምናልባት እንድታዝንልኝ ብዬ ሊሆን ይችላል። ማስታወሻውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው አልኳት። እውነቴን ነው፤ ዛሬም ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

"ነግሬሽ ነበር" አለችኝ። እትዬም የለም፣ አንቱም የለም። የሚገባኝ ያ ነው። ከዚያ "አባትሽን እግዜር ይማርልሽ" ብላ ባልዲዋን አነሳች። ደረጃው እርጥብ ስለነበር ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ወረድኩ።

አባቴ ሆስፒታል ተኝተው ብረቱን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት ተሰጣቸው። የሆድ ሕመሙ ተዋቸው፣ ፊታቸው ተመለሰ። ስለ እጃቸው ስጠይቀው ሐኪሙ ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ "እናያለን" አለ። እኔ ጡንቻ ነው የማየው፤ "እናያለን" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ቤት ከተመለስን በኋላ ነገርኳቸው። ከዚያ በፊት አቅም አጣሁ። ቱቦውን ማን እንዳስጠገነው፣ ውሃው ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ሴትዮዋ ነግራኝ እንዳልሰማኋት ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"እናትሽ ብትኖር ትቀምሰው ነበር" አሉ።

ይህን ያሉት ሊወቅሱኝ አይደለም፤ እናቴ ትዝ ብላቸው ነው። ለዚህም ነው የማልረሳው። መቅመስ ጥቅም እንዳልነበረው አውቃለሁ። ያ ውሃ በምላስ የሚታወቅ ነገር አልነበረውም፤ በየቀኑ ብቀምሰውም "ንጹሕ ነው" ብዬ ነበር የምሰጣቸው። ግን ደንቡ ጣዕም ለመለየት እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። የምትቀዳው ሴት የምትቀዳውን ራሷም ትጠጣለች ማለት ነው። እናቴ ስንቱን የቤት ደንብ ይዛ ኖራ እንደሞተች፣ እኔ ደግሞ ስንቱን እየሳቅኩ እንደተውኩት አላውቅም።

አሁን ውሃ የምገዛው ከሱቅ ነው። ዲስትለሩን ፈትቼ መጋዘን ጥያለሁ፤ አዲስ እንዲገዛ ደብዳቤ ተጽፏል። ጠዋት ጠዋት የአባቴን ሸሚዝ እቆልፋለሁ፣ ከረቫታቸውን አስራለሁ፤ አስተሳሰሬ አይጥማቸውም፣ ግን ዝም ይላሉ። ለገሃርም ይሄዳሉ። ዳማውን አፋቸው ይጫወታል፣ ቆርኪውን ሌላ ሰው ያነሳላቸዋል።

ከመውጣታቸው በፊት ውሃ እቀዳላቸዋለሁ። ቀምሰሽ ስጪኝ ብለውኝ አያውቁም። ብርጭቆውን ስይዝ ግን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ እንዳላፍር ብለው መሰለኝ። እኔም መዳፌ ላይ ጠብ አደርግና እቀምሳለሁ። ስውጥ ይሰሙኛል። ከዚያ ዞር ይሉና፣ አንዱ እጃቸው ስለማይችል፣ በሁለት እጃቸው ይቀበሉኛል።